በሳይንስና በዕለት ኑሮ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ቃላት ማጥናት፦ ከየት ልጀምር? ስንት ቃል ልያዝ?

የካዛንቺሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ሰዋስው ብዙም አያስቸግረኝም፤ የሚያጥረኝ ቃል ነው። ስለ ሳይንስና ስለ ዕለት ኑሮ የተጻፈ ነገር ማንበብ ስለምወድ በዚያው ቃላት ላጠና አስቤ ነበር። የማላውቀውን ሁሉ እያሰመርኩ በስልክ ፍቺ እፈልጋለሁ፤ ጽሑፉ ሳያልቅ የደብተሩ ገጽ ይሞላል፤ ቆይቼ ስገልጠው ደግሞ ግማሹ እንደ አዲስ ይሆንብኛል። ከምን ዓይነት ጽሑፍ ልጀምር? ከአንድ ጽሑፍ ስንት ቃል ይበቃል? ፍቺውን በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ ብቻ? ቤት ዋይፋይ የለንም፣ ዳታ እየገዛሁ ነው፤ ስለዚህ «ቪዲዮ ተመልከቺ» አትበሉኝ።

ጠመኔ፦

እህቴ፣ ደብተሩ የሚሞላው ጽሑፉ ከአቅምሽ በላይ ስለሆነ ነው። መለኪያ አለው። ከጽሑፉ መሃል 100 ቃል ቁጠሪና የማታውቂውን ምልክት አድርጊበት። እስከ 2 ከሆነ ያለ መዝገበ ቃላት የሚነበብ ነው፤ ለፍጥነት ተጠቀሚበት። ከ3 እስከ 5 ከሆነ ለቃላት ጥናት ልክ ነው። 10 ከደረሰ ርዕሱ የቱንም ያህል ቢያጓጓ ተይው። የማይታወቅ ቃል የሚገመተው ከጎረቤቶቹ ነው፤ ጎረቤቶቹም የማይታወቁ ከሆኑ መገመቻ የለም። የቃላት ጥናት ተመራማሪዎች ያለ ረዳት ለማንበብ ከጽሑፉ ቃላት 98 በመቶው ያህል መታወቅ አለበት የሚሉት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ፣ ርዕስ አትቀያይሪ። ዛሬ ስለ ጨረቃ፣ ነገ ስለ ስኳር በሽታ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ንብ ካነበብሽ የሦስቱም ቃላት አንድ አንድ ጊዜ ታይተው ይጠፋሉ። በአንድ ርዕስ ላይ አምስት ስድስት አጫጭር ጽሑፍ ካነበብሽ ግን ቃሉ ራሱ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ክለሳው ከንባቡ ጋር ያልቃል። ርዕሱን ደግሞ በአማርኛ አስቀድመሽ ከምታውቂው ነገር ምረጪ።

ውሃ መፍላትን እንውሰድ። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፈላ ማለት ግን በቂ ሞቀ ማለት አይደለም፤ ባቄላና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል የሚዘገየው ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ነገሩን ከወጥ ቤት ታውቂዋለሽ፤ በእንግሊዝኛ ስታነቢው «ቦይል»፣ «ስቲም»፣ «ሊድ»፣ «ፕሬዠር»፣ «አልቲትዩድ»፣ «ኮንደንስ» እየተደጋገሙ ይመጣሉ፤ የምትታገይው ከቃሉ ጋር እንጂ ከፊዚክሱ ጋር አይደለም። «ሲመር»ም እዚያው አለ፦ ድስቱ ሳይገነፍል በስሱ ሲንተከተክ። እንዲህ ያለውን ቃል ከዝርዝር ላይ ብትሸመድጂው ከ«ቦይል» ጋር ይምታታብሻል፤ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን ስታያቸው ግን አይምታቱም።

አነባበቡ፦ መጀመሪያ ሳታቆሚ እስከ መጨረሻው ዝለቂ፤ በማታውቂው ቃል ላይ በእርሳስ ነጥብ ብቻ አድርጊ። በሁለተኛው ዙር ነጥብ ካደረግሽባቸው ከ5 እስከ 7 ብቻ ምረጪ፤ ወይ ሁለቴና ከዚያ በላይ የመጣውን፣ ወይ እሱ ካልገባሽ አንቀጹ የማይገባሽን። ቀሪውን እለፊ። ማለፍ ይከብዳል፤ ያደግነው ሰሌዳ ላይ ያለውን ሁሉ እየገለበጥን ነው። በመጨረሻ ጽሑፉን ዝጊና በመረጥሻቸው ቃላት ጭብጡን በአራት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይቺን ነው፤ ቃሉ የሚያዘውም እዚህ ላይ ነው።

የአማርኛ ፍቺ ለሚዳሰስ ነገር ይጻፍ። «ሊድ» ክዳን ነው፣ አለቀ። ለግሥና ለረቂቅ ቃል ግን የተማሪ መዝገበ ቃላት ይሻላል፤ ሎንግማን ለምሳሌ ፍቺዎቹን የሚጽፈው 2,000 ያህል ቀላል ቃላትን ብቻ እየተጠቀመ ስለሆነ ፍቺ ፍለጋ ሌላ ፍቺ አያስፈልግሽም።

የላብራቶሪ ኮት፦

በጠመኔ ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። በሳይንስ ጽሑፍ የሚያሳስተው የማይታወቀው ቃል ብቻ አይደለም፤ የምታውቂው የሚመስልሽ የባሰ ነው። «ወርክ» ሥራ ነው ብለሽ ታልፊያለሽ፤ በፊዚክስ ግን ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ብትገፊ ግድግዳው ንቅንቅ እስካላለ ድረስ «ወርክ» ዜሮ ነው። «ሶሉሽን» መፍትሔ ነው፤ ኬሚስትሪ ላይ ግን ጨው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው ፈሳሽ ነው። «ካልቸር» ስለ እርጎ በሚያወራ ገጽ ላይ ካየሽው ባህል ሳይሆን ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ምልክቱ ይህ ነው፦ የዓረፍተ ነገሩን ቃል ሁሉ ታውቂዋለሽ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ስሜት አይሰጥም። ያኔ በጣም ቀላል የመሰለሽን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጊና ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍቺው ውረጂ።

ተቃራኒውም አለ፤ አማርኛ በአንድ ቃል የሚጠራውን እንግሊዝኛ ይከፍለዋል። ስለ እንጀራ የተጻፈ አንብቢ። ለዳቦ የሚታሸው ጠጠር ያለው ሊጥ «ዶ» ነው፤ ምጣድ ላይ የሚፈሰው ቀጭኑ «ባተር»። እርሾም እንደዚያው፦ ባለ አንድ ሕዋሱ ፈንገስ «ዪስት»፣ ካለፈው ቡኮ ተርፎ ለሚቀጥለው የሚጨመረው ቢጫ ውሃ ግን «ስታርተር»። ሊጡ ሲቦካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ምጣዱ ላይ ጋዙ አረፋ ሠርቶ ሲያመልጥ የእንጀራው ዓይን ይቀራል። በዚህች አንድ ርዕስ «ፈርመንት»፣ «ባብል»፣ «ሪሊስ»፣ «ሳወር» ይገኛሉ፤ አራቱም ነገ ስለ እርጎና ስለ ጠላ ስታነቢ ይመለሳሉ።

የግሪክና የላቲን ሥሮች ዝርዝር እየተዞረ ነው፤ አንዳንዱ ከ200 በላይ አለው። አያስፈልግሽም። «ሃይድሮ» ውሃ፣ «ቴርሞ» ሙቀት፣ «ባዮ» ሕይወት፣ «ፎቶ» ብርሃን፣ «ማይክሮ» ጥቃቅን የሚሉትን የመሰሉ አሥራ አምስት ያህል ለመጀመሪያ ይበቃሉ።

የካዛንቺሷ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ጠመኔ፤ የ100 ቃሉን ሞከርኩት። ስልኬ ላይ ያወረድኩት ሁሉ ከ10 በላይ ነው! ታዲያ ከ3 እስከ 5 የሚሆነውን ከየት ላምጣ? ሌላው የካርድ ነገር ነው። ቃሉን በአንድ በኩል፣ ፍቺውን በሌላ በኩል ጽፌ አጠናለሁ። ካርዱን ሳየው አስታውሰዋለሁ፤ ልጽፍበት ስል ግን አይመጣም።

ኦፍላይን፦

ከሁለተኛው ልጀምር። ካርድሽ ቃሉን አሳይቶ ፍቺውን ነው የሚጠይቅሽ፤ ስለዚህ የሠለጠንሽው ለማወቅ እንጂ ለማውጣት አይደለም። ገልብጪው። ከፊት ዓረፍተ ነገሩን ከነክፍት ቦታው፣ ከኋላ ቃሉን ጻፊ። ዓረፍተ ነገሩ ካነበብሽው ጽሑፍ ይወሰድ፤ ከራስሽ ከፈጠርሽው የአማርኛው አነጋገር ሾልኮ ይገባል። «ወፍራም ቡና» ብለን ስለለመድን ሰው «ቲክ ኮፊ» ይላል፤ እንግሊዝኛው «ስትሮንግ ኮፊ» ነው። ስልክ መዝጋትም «ክሎዝ» አይደለም፤ «ሃንግ አፕ» ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትያዢው፤ አብሮት የሚሄደውን ጭምር ያዢ።

አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስቴ ብታጥፊው 8 ካርድ ይወጣዋል። ክለሳው በዚያው ምሽት፣ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ። የሳትሽው ካርድ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በስልክ ከፈለግሽ አንኪ የሚባለው የካርድ ማጥኛ አፕ ይህን ራሱ ይቆጥርልሻል፤ ለአንድሮይድ በነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ግን ማስተካከያው ውስጥ ግቢ፦ በቀን የሚያቀርበው አዲስ ካርድ 20 ሆኖ ነው የሚመጣው፤ 5 አድርጊው። በ20 ከቀጠልሽ ክለሳው በላይ በላይ ይከመራል፤ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈሽማ ከመቶ በላይ ካርድ ይጠብቅሽና አፑን መክፈት ያስጠላሻል። ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው። የሌላ ሰው የተዘጋጀ ካርድ አታውርጂ፤ ያላነበብሽው ጽሑፍ ቃል አይያዝም።

ጽሑፉን በተመለከተ፦ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ የሚጻፍ ዊኪፒዲያ አለ፤ «ሲምፕል ኢንግሊሽ» ይባላል። ኪዊክስ የሚባለውን አፕ ጫኚና ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሺ ሙሉውን አውርጂው፤ ምስል የሌለውን ከመረጥሽ መጠኑ በጣም ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ዳታ አትፈልጊም። ጥራቱ ግን ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ጽሑፍ በስም ብቻ ነው ቀላል። የ100 ቃሏን ቆጠራ እዚህም አትተዪ።

ሁለተኛው ምንጭ የቪኦኤ መማሪያ ጽሑፎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» በሚል ስም ሲጀመር መሠረቱ 1,500 ያህል ቃላት ነበሩ፤ የሳይንስና የጤና ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ድምፅም አላቸው። ድምፁን አንዴ ማውረድ ብዙ ዳታ አይበላም። ቃሉን በዓይን ብቻ ካወቅሽው አነባበቡን በግምት ትይዥውና በኋላ ለማረም ትቸገሪያለሽ፤ «ቬጅተብል» በየቦታው «ቬጅቴብል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሙዚየሙ ማዶ፦

ሁሉም ስለ ስልክ አወሩ፤ ካዛንቺስ ላለ ሰው ግን በእግር የሚደረስበት ንባብ አለ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ። የድንቅነሽ መግለጫ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፤ ታሪኩን ደግሞ ከትምህርት ቤት ታውቂዋለሽ፦ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከአጽሟ 40 በመቶው ያህል ተገኝቷል። «ፎሲል»፣ «ስኬለተን»፣ «ጆ»፣ «ፔልቪስ»፣ «አፕራይት» የሚሉትን ቃላት አጥንቱን እያየሽ ትይዣቸዋለሽ። ሄደሽ ሁሉንም ክፍል አትዙሪ፤ አንድ መደርደሪያ ይዘሽ ደጋግመሽ አንብቢ። አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለልሽ፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተጻፈ የሳይንስ መጽሐፍ ካገኘሽ አትናቂው። የልጆች ተረት ግን ለዚህ አይሆንም፤ የእንስሳ ድምፅና የተረት ዓለም ቃል ይበዛዋል።

ቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ አንብቢ። የሽሮፕ ጠርሙስ ላይ «ሼክ ዌል ቢፎር ዩዝ» ይላል፤ በደንብ ካልተናጠ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጥና የመጀመሪያው ማንኪያ ቀጭን፣ የመጨረሻው የበረታ ይሆናል። ከአንዲት መስመር ቃሉም ሳይንሱም ይገኛል። የሳሙናና የብስኩት ማሸጊያ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙው በደካማ ትርጉም የተጻፈ ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር፦ እንግሊዝኛ የሚመስሉን የቤት ቃላት አሉ። ሱቅ ሄደን «ሶፍት» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ቲሹ» ነው። «ሃይላንድ» የአንድ ውሃ ስም ነበር፤ የውጭ ሰው ስትጠይቂው አይገባውም፤ «ቦትልድ ወተር» በይ። «ላምባዲና»ም ከጣሊያን የመጣ ነው፤ የእጅ ባትሪ «ቶርች» ወይም «ፍላሽላይት» ይባላል። ለእነዚህ ካርድ ሥሪላቸው፤ የምናውቃቸው ስለሚመስለን ማንም አያጠናቸውም።

ጠመኔ፦

የመድኃኒት ነገር ከተነሣ ልጨምር። ካርቶኑ ውስጥ የሚታጠፈውን ረጅም ወረቀት ከላይ አትጀምሪው፤ የኬሚካል ስሞቹ የ100 ቃሉን ልክ ወዲያው ያልፋሉ። ስለ አወሳሰድና ስለ አቀማመጥ የሚያወሩትን ክፍሎች ብቻ ያዢ። «ዶዝ»፣ «ስዋሎ»፣ «ስቶር»፣ «ኤክስፓየር» ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው አይለወጡም፤ የሦስት የተለያዩ መድኃኒቶችን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተሽ እነዚያኑ ክፍሎች ብታነቢ ሦስተኛው ላይ መዝገበ ቃላት አትከፍቺም።