ካርመንን የገደላት ፍቅር ነው?

ብርቱካን፦ ትናንት እዚህ የተጻፈ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «ሰውየው፣ ኩራቱና በቀሉ» ስለሚባለው የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው፤ ዶን ሆሴ የሚባል ወታደር የሚወዳትን ካርመንን የሚገድልበት። «ዶን ሆሴ ካርመንን የገደላት ከመውደዱ የተነሳ ነው» ተባለ። ስንቱ ደግሞ ላይክ አደረገው! ከመውደዱ የተነሳ ቢላ የሚመዝ ሰው የት አገር ነው ያለው?

የፒያሳው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ወታደር ነበር። ማዕረጉንም ስሙንም ለእሷ ብሎ አጣ። ሆሴን የሠራውን የፍራንኮ ኔሮን ዓይን አይተሻል? ከውስጥ ያለቀ ሰው ነው። አፍቅሮ የማያውቅ አይገባውም።

ብርቱካን፦ አፍቅሬ አውቃለሁ። ማንንም አልገደልኩም።

ደሬ፦ መጀመሪያ ነገር ይሄ ካውቦይ አይደለም። ታሪኩ ስፔን ነው፤ ሸሪፍ የለ፣ ቴክሳስ የለ። ኔሮ በ1966 «ጃንጎ» የሚባል የካውቦይ ፊልም ስለሠራ ጀርመኖች ይሄንንም የጃንጎን ስም ለጥፈው ሸጡት።

የፒያሳው፦ የተቀረጸው እኮ ስፔን ውስጥ አልሜሪያ ነው፤ ሰርጂዮ ሊዮኔ የካውቦይ ፊልሞቹን የሠራበት በረሃ። ፈረሱ አለ፣ ሽፍታው አለ፣ ተዋናዩ ክላውስ ኪንስኪ አለ። ሌላ ምን ይምጣልህ?

ደሬ፦ «የአረቢያው ሎረንስ» የሚባለው ፊልምም አልሜሪያ ተቀርጿል። እሱም ካውቦይ ነው በለኛ።

ብርቱካን፦ እናንተ ስለ በረሃ ተከራከሩ። እኔ «ከመውደዱ የተነሳ» የምትለዋን አልለቅም። ፊልሙ የተወሰደው ከፈረንሳዊው ደራሲ ከፕሮስፔር ሜሪሜ መጽሐፍ ነው፤ በ1845 የታተመ። እዚያ ላይ ሆሴ ከመግደሉ በፊት አንድ መናኝ ዘንድ ሄዶ ቅዳሴ አስቀደሰ። ለማን? ገና በሕይወት ላለችው ለካርመን ነፍስ! ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ተመልሶ ወጋት። ቢላው ደግሞ የባሏ የጋርሲያ ነው፤ እሱን ገድሎ የወሰደው። ይሄ ድንገት የገነፈለ ስሜት ነው? ቁጭ ብሎ አስቦበታል።

የፒያሳው፦ ጨርሰሽ ተናገሪያ! እሱ እዚያ ሲቆይ ትሸሻለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ከገደላት በኋላም እሱ ሰጥቷት የወረወረችውን ቀለበት ጫካ ውስጥ ፈልጎ ፈልጎ አግኝቶ አብሯት ቀበረው። ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ። የሚጠላ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ሕግ አዋቂ፦ ቀለበቱን እኮ «አልፈልግህም» ብላ ነው የጣለችው። እሱ መልሶ መቃብሯ ውስጥ አስቀመጠላት። ከሞተች በኋላም እምቢታዋን አልሰማም። እዚህ ላይ ፍቅሩ የቱ ጋ ነው? ደግሞ ፊልሙ ሲወጣ የጣሊያን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ይሠራ ነበር። ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እህቱን ከሌላ ሰው ጋር ደርሶባት በቁጣ የገደለ ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ ነበር የሚታሰረው። የተሻረው በ1981 ነው። ያኔ ሲኒማ የገባ ሰው የአንተን አባባል ከሕግ መጽሐፍም ያገኘው ነበር።

የድሮ መምህር፦ ልጆቼ፣ እኛም ዘንድ ገዳዩን «ቅናት አሳውሮት ነው» እንላለን። ስለ ሟቿ ደግሞ «ምን አድርጋው ይሆን?» እንላለን። ይሄ ያሳዝነኛል።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ገዳይ አላሞገስኩም። ሰውየው ገብቶኛል ነው ያልኩት።

ብርቱካን፦ እሷስ? ስለ ኔሮ ዓይን ጻፍክ። ካርመንን የሠራችውን ቲና ኦሞንን ስሟን እንኳ አላነሳህም። መጽሐፉም ያው ነው፤ ሆሴ እስር ቤት ሆኖ ለአንድ ፈረንሳዊ የሚተርከው። የምናውቀው ገዳይዋ የነገረንን ነው። ዓረፍተ ነገሩን አጥፋው።

የፒያሳው፦ አላጠፋም። ማታ ደግሜ አይቼው እመለሳለሁ።

ብርቱካን፦ መጽሐፉንም አንብበህ ና።

ደሬ፦ ስለ ካውቦዩ ግን ማንም አልመለሰልኝም።