በ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ገነው የሚወጡት ጉዳዮች የትኞቹ ይሆናሉ?

የሬዲዮ አዘጋጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ የውይይት ዝግጅት አዘጋጅ ነኝ። ለመጪው 7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ስድስት ተከታታይ ውይይቶችን እንዳሰናዳ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። እያንዳንዱ ውይይት በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚያተኩር ስለሆነ፣ የምረጡኝ ዘመቻው ሲጦፍ ሰው ስለ ምን እንደሚነጋገር ከወዲሁ መገመት ይኖርብኛል።

ለጊዜው የያዝኩት ዝርዝር ሰላምና ጸጥታ፣ የኑሮ ውድነት፣ የባሕር በር፣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ የወጣቶች ሥራ አጥነት እና ሙስና የሚል ነው። አለቃዬ አይተውት ከባሕር በሩ በስተቀር በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዓመት ሊጻፍ የሚችል ዝርዝር ነው አሉኝ። በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አድሬበት ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። በሌሎች አገሮች ጋዜጠኛው የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችን ተመልክቶ ይገምታል። እኛ ዘንድ በየወሩ የሚወጣ እንዲህ ያለ ጥናት የለም። ታዲያ የጋዜጣ ርዕሶችን ከመቁጠርና ከታክሲ ወሬ ውጪ በምን መንገድ መገመት ይቻላል? ያለፉትን ምርጫዎች በቅርብ የተከታተላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የ97 ወኪል

ውድ ጠያቂ፣ የአለቃዎ አስተያየት ትክክል ነው፤ ይሁንና ጉድለቱ በጉዳዮቹ ላይ ሳይሆን በጥያቄው ላይ ይመስለኛል። ጉዳዩ ምንድን ነው ከማለት ይልቅ ጉዳዩ የማን ነው ብለው ቢጠይቁ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። በምርጫ ገኖ የሚወጣው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ስለሆነ ብቻ አይገንም፤ አንዱ ተወዳዳሪ ሌላውን የሚሞግትበት፣ የተሞገተውም ዝም ብሎ ሊያልፈው የማይችለው መሆን አለበት።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምርጫ ጣቢያ የተወዳዳሪ ወኪል ሆኜ ውዬ አድሬያለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የቴሌቪዥን ክርክሮቹን ለማየት ሰው በየሻይ ቤቱ ቆሞ ያመሽ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ክርክሩ ሰፊ ይመስላል እንጂ በጥቂት ነገሮች ዙሪያ ይመላለስ ነበር፦ መሬት በመንግሥት እጅ ይቆይ ወይስ ለግለሰብ ይሰጥ፣ የመገንጠል መብትን የያዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ይኑር ወይስ ይቅር፣ የአሰብን ወደብ ያጣነው በማን ጥፋት ነው። በመሬቱ ጉዳይ ኢሕአዴግ መሬት ከተሸጠ ገበሬው ይፈናቀላል እያለ ገጠሩን ሲያስጠነቅቅ፣ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ገበሬው ባለቤት ሳይሆን ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል ይሉ ነበር። አንድ ጉዳይ ሁለት ባለቤት ነበረው ማለት ነው። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ያገኘው የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት፣ ይፋ በሆነው ውጤት በተወካዮች ምክር ቤት 109 መቀመጫ ብቻ ሲያገኝ ኢሕአዴግ 327 ያዘ። ስለ ቆጠራው የነበረውን ክርክር እዚህ አልቀሰቅሰውም፤ ከተማና ገጠር ተመሳሳይ ክርክር ሰምተው የተለያየ ነገር እንዳደመጡ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።

አሁን የባሕር በሩን ጉዳይ ይመልከቱ። በ1997 አሰብ የተቃዋሚው አለንጋ ነበር። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጉዳዩን አደባባይ አውጥቶ የያዘው ራሱ መንግሥት ነው፤ በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ከዓመት በኋላም በአንካራ ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። አለንጋው እጅ ለወጠ። ዛሬ የባሕር በር አያስፈልገንም ብሎ መድረክ ላይ የሚወጣ ፓርቲ ማግኘት ይከብዳል፤ ልዩነቱ በመንገዱና በጊዜው ላይ ነው። ስለዚህ በመፈክርና በመዝሙር ጎልቶ ይሰማል፣ አንዱን መራጭ ከሌላው የሚለይ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ስለተመረቀው የሕዳሴ ግድብም እንደዚሁ ነው፤ የሚመሰገኑበት እንጂ የሚከራከሩበት አይደለም።

ሌላው ማሳሰቢያዬ ቀደም ብሎ የተገመተ ነገር ቶሎ ይሻግታል የሚል ነው። 6ኛው ምርጫ መጀመሪያ ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ነበር የተቀጠረው። በዚያ ዓመት ጥር ወር ላይ ማንንም ብትጠይቁ ብልጽግና ሲመሠረት የተነሣውን የአሃዳዊና የፌደራሊስት ሙግት ይጠቅስላችሁ ነበር። ኮሮና ምርጫውን አስተላለፈው፤ በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ስንሰጥ ያ ሙግት ከነመኖሩም የሚያስታውሰው ጥቂት ነበር። ስድስቱንም ውይይቶች አስቀድመው አይቅረጹ፤ ቢያንስ ሁለቱን ክፍት ይተዉ።

ሒሳብ ይቅደም

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የኑሮ ውድነቱን ማንም በአግባቡ ስላላነሣው ልጨምርበት። በእኔ ግምት ከተማ ላይ ይህን የሚበልጥ ጉዳይ አይኖርም፤ ሆኖም ሬዲዮ ላይ በተለመደው መንገድ ከቀረበ ሁለት ሰዎች በሁለት ቋንቋ ሲጨቃጨቁ ይሰማል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ንረት ደግሞ በይፋዊው አኃዝ በ2017 መጨረሻ ወደ 13 በመቶ አካባቢ ወርዷል። የመንግሥት ተወካይ ይህን ጠቅሶ ንረቱ ወርዷል ይላል፤ አልዋሸም። የቤት እመቤቷም ዘይትና ሽንኩርት አልቀነሰም ትላለች፤ እርሷም አልዋሸችም። ንረት ወረደ ማለት ዋጋ የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ዋጋው ተመለሰ ማለት አይደለም። ይህንን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ካላብራሩ ቀሪው ሰዓት ይባክናል።

የኑሮ ውድነት የሚለውንም በትነው ያቅርቡት። ለደመወዝተኛው ጉዳዩ ግብር ነው። ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ በ2017 ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የሚጠይቅ ካለ ያ 2,000 ብር ዛሬ ምን ይገዛል የሚለው ራሱን የቻለ ውይይት ነው። ለተከራዩ የቤት ኪራይ ነው፤ ኪራይ የሚጨመርበትን ሁኔታ የሚወስን አዋጅ በ2016 ወጥቷል፣ አከራይና ተከራይ አብረው የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ግን አዋጁን ጠቅሶ መከራከር ቀላል አይደለም። ለነጋዴው ደግሞ ዶላርና ነዳጅ ነው።

ስለ አስተያየት ጥናትም አንድ ነገር ልበል። ጥናት ቢኖር እንኳ ናሙናው ከምን ይወሰዳል? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተላልፏል። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ መራጭ ሆኗል። ለ1997 ክርክር ምንም ትዝታ የሌለው ሰው ብዙ ነውና፣ የ97 ወኪል ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የአሰብን ታሪክ ለወጣት አድማጭ ከሥሩ መንገር ያስፈልጋል።

የግብርና ባለሙያ ከአርሲ

ከተማውን ብቻ አትዩ ለማለት ነው የገባሁት። ያለፉት አራት ምርጫዎች ድምፅ የተሰጠባቸውን ቀኖች ተመልከቱ፦ ግንቦት 7፣ ግንቦት 15፣ ግንቦት 16፣ ሰኔ 14። ሁሉም በእርሻና በዘር ወቅት ነው። እኔ በምሠራበት ወረዳ ስንዴና ገብስ የሚዘራ ገበሬ በዚያን ሰሞን ስለ ሌላ ነገር አያወራም፤ ማዳበሪያ መጣ ወይ፣ ስንት ገባ፣ ለማን ደረሰ ነው ወሬው። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ በመዘግየቱ በአማራ ክልል ገበሬዎች ለአቤቱታ እስከ ባሕር ዳር ድረስ እንደሄዱ ታስታውሳላችሁ። እኛም አካባቢ ስሞታው ቀላል አልነበረም። ብር ሲዳከም ከውጭ በዶላር የሚገዛው ማዳበሪያ ዋጋው ይወጣል፤ ስለዚህ ሒሳብ ይቅደም ያነሡት የምንዛሪ ጉዳይ ገጠር የሚደርሰው በዩሪያ ከረጢት ተጭኖ ነው። ማንም ገበሬ የውጭ ምንዛሪ ፖሊሲ ብሎ ሲናገር አልሰማሁም፤ ነገሩን ግን ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቀዋል።

ስለ አገማመት መንገድ ለጠየቁት ከሥራዬ የተማርኩትን ልንገርዎ። ገበሬን ሰብስበው ዋነኛ ችግርህ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት ባለፈው ስብሰባ ካድሬው የነገረውን ይመልስልዎታል፤ ሰላም፣ ልማት፣ መልካም አስተዳደር እያለ ይደረድራል። አይዋሽም፣ ጥያቄው የስብሰባ ጥያቄ ስለሆነ የስብሰባ መልስ ይሰጣል። እኔ ከስብሰባው በኋላ እድር ላይ ወይም ገበያ መንገድ ላይ ባለፈው ወር ምን ልታደርግ አስበህ ምን ከለከለህ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ በሬ ሊሸጥ አስቦ መንገዱን ፈርቶ መቅረቱን ይነግረኛል። ሌላዋ ልጇን ከተማ ልካ ማስተማር እንደፈለገች፣ ለመኝታ ቤት ኪራይ የሚበቃ ገንዘብ ግን እንዳጣች ትነግረኛለች። የመጀመሪያው ሰላም የሚለው፣ ሁለተኛዋ የኑሮ ውድነት የምትለው ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ለሬዲዮ ግን በሬውና መንገዱ ይሻላሉ። ጋዜጠኞችዎን ወደ ሁለት ሦስት የተለያዩ ገበያዎች ይላኩ፤ ያቺን አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁና መልሶቹን ይቁጠሩ። ሳይንሳዊ ጥናት አይደለም፤ ከጋዜጣ ርዕስ ቆጠራ ግን እጅግ ይሻላል።

እንደገና ይታሰብ

ሁላችሁም አንድ ነገር አልፋችኋል። ምርጫው የት የት ይካሄዳል የሚለው ራሱ ከጉዳዮች ሁሉ የሚቀድም ጉዳይ ነው። በሰኔ 2013 ውጤት የተገለጸው ከ547 መቀመጫዎች ለ436ቱ ነበር፤ ብልጽግና ከእነዚህ 410ሩን አሸነፈ። ሌሎች አካባቢዎች በመስከረም 2014 ድምፅ ሰጡ፤ የትግራይ 38 መቀመጫዎች ግን ባዶ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት መጥቷል፣ ሕወሓት በግንቦት 2017 ከፓርቲዎች መዝገብ ተሰርዟል፣ በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ግጭት አለ፣ በኦሮሚያም ሰላም ያጡ አካባቢዎች አሉ። በእነዚህ ቦታዎች ያለ ሰው የትኛው ፓርቲ ምን ይላል ከማለቱ በፊት የምርጫ ጣቢያው ይከፈታል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

በተጨማሪ የምርጫ ሥርዓታችን በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻ የሚያልፍበት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ገነነ የተባለ ጉዳይ በአንድ የምርጫ ክልል ምንም ላይለውጥ ይችላል። በ2013 ተቃዋሚዎቹ ፓርቲዎች አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ ብቻ ያገኙት በአገር አቀፍ ክርክር ስላልታዩ አይደለም። ስለዚህ «የአገሪቱ ስድስት ጉዳዮች» የሚለው ርዕስ ራሱ ያሳስታል ባይ ነኝ።

ነዋሪነቴ ሲልቨር ስፕሪንግ

አጭር ነገር ልጨምር። እዚህ ሜሪላንድ ስለ ምርጫው የሚወራውን ብትሰሙ ጉዳዩ ሁሉ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ብሔር ብቻ ይመስላችኋል፤ በዩቲዩብም በብዛት የሚታየው እርሱ ነው። በየእሁዱ አዲስ አበባ ለምትኖረው እህቴ ስደውል ግን እነዚህን ቃላት አንድም ቀን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ቤታቸው ፈርሶ ዳር ከተማ ከገቡ ወዲህ ጭንቀቷ የልጆቹ ትምህርት ቤት መራቅና የታክሲ ወጪ ነው። ከተማው አማረ፣ መብራቱም ደስ ይላል ትለኛለች፤ ወዲያው ደግሞ ታለቅሳለች። ሁለቱንም ስሜት ይዛ ለማን ድምፅ እንደምትሰጥ እኔ ወንድሟ መገመት አልችልም። የበይነ መረብ ጩኸት የሚለካው የእኛን የባሕር ማዶኞቹን ትኩረት ነውና፣ አብዛኞቻችን ድምፅ እንደማንሰጥ ጠያቂው አይዘንጉ።

የሬዲዮ አዘጋጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግረን ዝርዝሩን ቀደነዋል። ሙስናና ሥራ አጥነት ለብቻቸው መቆማቸው ቀርቶ በየውይይቱ ውስጥ እንዲነሡ ተደርጓል። የመጀመሪያው ውይይት ስለ ማዳበሪያና ምንዛሪ ይሆናል፤ አንድ የምጣኔ ሀብት ባለሙያና አንድ ገበሬ ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ሁለተኛው ስለ መንገድ ደህንነት፣ ሦስተኛው ስለ ኪራይና መኖሪያ፣ አራተኛው ስለ ባሕር በር ነው፤ በአራተኛው የ1997ቱን ክርክር ከዛሬው ጋር እናነጻጽራለን። ሁለቱን ክፍት ትተናል።

እንደገና ይታሰብ ላሉት፦ ስርጭታችን የሚደርሰው አምስት የምርጫ ክልሎች ብቻ ስለሆነ «የአገሪቱ» የሚለውን ቃል ከርዕሱ ላይ አውጥተነዋል። የገበያ ጥያቄውን በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጀምራለን። የግብርና ባለሙያው አንድ ነገር ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፦ ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው መቅረጸ ድምፅ ይዞ መሆኑ መልሱን አይለውጠውም?

የግብርና ባለሙያ ከአርሲ

ይለውጠዋል። መጀመሪያ ያለ መቅረጫ ጠይቁ፤ መልሱን በማስታወሻ ያዙ። ፈቃደኛ የሆነውን ሰው በሚቀጥለው ገበያ ቀን ተመልሳችሁ ቅረጹት።