የድሮ ካሴት ሲታደስ «ሽሽ» የሚለው ድምፅ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የአራት ኪሎው፦ የድሮ አልበም ከካሴት ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚደረገው «ሽሽ» የሚለውን የክር ድምፅ ማጥፋት ሆኗል። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። የኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን የ1985 እ.ኤ.አ. አልበም ስሙት፤ በ2013 ከካሴት ታድሶ የወጣውን፣ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግ ሲንተሳይዘር ያለበትን። ውበቱ ኖታው ካለቀ በኋላ ባለው ላይ ነው፤ የወናፉ ትንፋሽ፣ ቀስ ብሎ የሚከስመው የፒያኖው ድምፅ። እነዚህ ከክሩ ድምፅ ጋር ጎረቤት ናቸው። እሱን ስትጠርጉ አብረው ይጠረጋሉ።

የካዛንቺሷ፦ ወንድሜ፣ በኢርፎን የሚሰማው ወጣት ዘፈኑ ሳይጀምር ያልፈዋል። ለሱ ያልደረሰ አልበም ተጠበቀ አይባልም። ጥፋቱ ማጽዳቱ ሳይሆን መጠኑ ነው። ከዘፈኑ በፊት ካለው ባዶ ክር ግማሽ ሰከንድ ናሙና ይወሰድ፣ ሶፍትዌሩ ሽሽታውን ከዚያ ይለየው፤ ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ይቀነስ። 15 ሲገባ ነው ድምፁ ከውሃ ስር የመጣ የሚመስለው። ማሲንቆ ላይ ደግሞ ፈጥኖ ይበላሻል፤ ደጋኑ ጭራውን ሲፈትግ የሚወጣውን ድምፅ ሶፍትዌሩ ጫጫታ መስሎት ይበላዋል።

የለገሃሩ፦ ሁለታችሁም ከጅራቱ ጀመራችሁ። ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚታፈነው ክሩ አርጅቶ ሳይሆን የቴፑ ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ የሚያነበው ክፍል፣ ከክሩ ጋር ቀጥ ስላላለ ነው። ሄዱን በጥጥና ከ90 ከመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ድምፁን ሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ ላይ) አድርጋችሁ፣ ማግኔት በሌላት ትንሽ ካቻቢቴ ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ። ሲምባሉ ጥርት ባለበት ላይ አቁሙ። ለእያንዳንዱ ካሴት፣ ለሁለቱም ገጽ እንደ አዲስ ይሠራል፤ አድካሚ ነው፣ መዝለል ግን የለም። ተራ ካሴት፣ ማብሪያው ለሌላ ዓይነት ክር ማለትም «ክሮም» ላይ በተደረገ ቴፕ ከተጫወተም ይታፈናል። ዲጂታል ቅጂው በከፍተኛ ጥራት፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ አንድ ሰዓቱ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የጠፋውን ግን ምንም አይመልሰውም።

የፒያሳው፦ ስለ ፍጥነቱ ማንም አላነሳም፤ እኔ ዘንድ ዋናው እሱ ነው። ቴፑ 6 ከመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ገደማ ከፍ ይላል፣ ጎልማሳው ድምፃዊ ጎረምሳ ይመስላል። ክራርና ማሲንቆ እዚህ ምስክር አይሆኑም፤ ለዘፋኙ ድምፅ ተቃኝተው ነው የሚገቡት። አኮርዲዮን ግን በየዘፈኑ አይቃኝም፣ እሱን ያዙ። ሌላው ምስክር ቀረጻው ውስጥ የገባው የመብራት እምምታ ነው። እኛ ጋ 50 ኸርዝ ነው፤ 51.5 ላይ ካገኛችሁት ክሩ 3 ከመቶ ፈጥኗል።

የካዛንቺሷ፦ እምምታው ከዛሬው ቴፕ የመጣ ቢሆንስ?

የፒያሳው፦ ካሴቱን አውጥተሽ ድምፁን ክፈቺው። አሁንም ካለ ከቴፑ ነው፣ አትመኚው። የዱሮው መብራትም ይዋዥቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ከአኮርዲዮኑ ጋር ካልተስማማ ብቻውን አይበቃም።

የካዛንቺሷ፦ ይሁን። ያልተነካው ፋይል ይቀመጥ፣ ለሕዝብ የሚለቀቀው ግን የተቀነሰው ይሁን።

የአራት ኪሎው፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ እህቴ። ሕዝቡ የሚያውቀው የተለቀቀውን ብቻ ነው። ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ብቻ ባለበት ዘፈን እስከ 6 እቀበላለሁ። ማሲንቆ ባለበት ግን አንድም ዴሲቤል አይነካ።