3ኤል ሃይሉክስ፦ ሞተሩ አይንኳኳም፣ ግን ጠዋት አልነሳ ይላል። ቫልቩ ይሆን?

አሮጌ ናፍጣ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሃይሉክስ፣ ሞተሩ 3ኤል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። ጠዋት ካንዴሊቱን (ናፍጣው እንዲቀጣጠል ሲሊንደሩን የሚያሞቀውን) ደጋግሜ ካላሞቅኩ አይነሳም። ከተነሳ በኋላም ነጭ ጭስ እየተፋ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅ ይስተካከላል። ካንዴሊቶቹ አዲስ ናቸው፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎችም ተፈትሸው ደህና ናቸው። መካኒኩ «ቫልቭ ካልተንኳኳ አይነካም» ይላል። የቴስታታውን (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ከፍቼ፣ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የቫልቮቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ቀጫጭን ብረቶች) ለካሁ።

የአየር ማስገቢያ ከ1 እስከ 4፦ 0.20፣ 0.10፣ 0.22፣ 0.18 ሚሜ
የጭስ ማውጫ ከ1 እስከ 4፦ 0.38፣ 0.40፣ 0.25፣ 0.35 ሚሜ

የማስተካከያ ብሎን አላየሁበትም። በምንድነው የሚስተካከለው?

ማይክሮሜትር
መካኒኩ ነገሩን ገልብጦታል። የሚንኳኳ ቫልቭ ክፍተቱ የሰፋ ነው፤ ጆሮ ይረብሻል እንጂ ቶሎ አይጎዳም። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። በዚህ ሞተር የቫልቩ መቀመጫ እየተበላ ሲሄድ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ይሰምጣል፣ ግንዱ ወደ ካሙ (ቫልቮቹን የሚገፋው ዘንግ) ይጠጋል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ጨርሶ ሲጠፋ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ኮምፕረሽን (በሲሊንደሩ የታመቀው አየር) ያመልጣል፣ ሙቀቱንም ለመቀመጫው ማስተላለፍ ስለማይችል ጠርዙ ይቃጠላል።

የ3ኤል ልክ በቀዝቃዛ ሞተር፦ አየር 0.20–0.30፣ ጭስ 0.40–0.50 ሚሜ። ስለዚህ የአንተ 2ኛ አየርና 3ኛ ጭስ በጣም ጠበዋል። 4ኛ አየር፣ 1ኛ ጭስና 4ኛ ጭስም ከልኩ በታች ናቸው።

ብሎን የለውም፤ ታፔቱ (በካሙና በቫልቩ መካከል ያለው ኩባያ) ላይ የተቀመጠችው ክብ ሺም (ውፍረቷ የተለካ ብረት) ናት የምትቀየረው። መጀመሪያ ግን የለካህበትን አቀማመጥ አረጋግጥ። 1ኛው ፒስተን በኮምፕረሽን ላይ ሲሆን አየር 1 እና 2፣ ጭስ 1 እና 3 ይለካሉ። ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) አንድ ሙሉ ዙር አዙረህ አየር 3 እና 4፣ ጭስ 2 እና 4። ካንዴሊቶቹን ከፈታህ በእጅ ማዞር ይቀላል፤ በክራንክ ፑሊው ብሎን፣ ወደሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ።

ሺሟን አውጥተህ በማይክሮሜትር ለካት። የተጻፈባትን ቁጥር አትመን፣ ተበልታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ፦

አዲስ ሺም = አሮጌው ሺም + (የለካኸው ክፍተት − 0.25) ለአየር፤ ለጭስ 0.25 በነበረበት 0.45 ይግባ።

ለምሳሌ 3ኛው ጭስ ላይ ያለችው 2.85 ብትሆን፦ 2.85 + (0.25 − 0.45) = 2.65። ሺሞቹ ከ2.50 እስከ 3.30 ሚሜ በ0.05 ልዩነት ይገኛሉ። የሁሉንም ሺም ልክ ሳትጽፍ መግዛት አትጀምር፤ ከአንዱ የወጣችው ለሌላው ልትሆን ትችላለች።

አሮጌ ናፍጣ
በጣም አመሰግናለሁ። ታፔቱን ወደ ታች የሚጫነው ልዩ መሣሪያ ከሌለ በካቻቪቴ ተጭኖ ማውጣት ይቻላል?

ቴስታታ ፈቺ
አይ ወንድሜ። ካቻቪቴው ካሙን ከጫረው ያች ጭረት አዲሷን ሺም ትበላታለች። መሣሪያውን ተከራይ ወይም ተዋስ። ከመጫንህ በፊት የታፔቱን ጠርዝ ላይ ያለውን ቁርጥ ወደ አንተ አዙረው፤ ሺሟን በዚያ በኩል በቀጭን ካቻቪቴ ፈልቅቀህ በማግኔት ታነሳታለህ።

መሣሪያ ካልተገኘ ያለው አማራጭ ካሙን ማውረድ ነው። ያ ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋ መፍታት ማለት ነው፤ ምልክቶቹን ሳታስተካክል እንዳትነካው። ቺንጋው ወጥቶ ካሙን ብቻውን ብታዞረው ቫልቩ ፒስተኑን ይመታል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሺም በሞላ (በመሞረጃ ድንጋይ) አስቀጥነው የሚሰጡ አሉ፤ በእጅ የተሞረደ ሺም ሁለቱ ፊቱ እኩል አይሆንም፣ የጠነከረው ቆዳም ይነሳል። ልክ የሆነውን ግዛ። ስትገጥም ደግሞ ቁጥር ያለበት ፊት ወደ ታች ይሁን፣ ዘይት ቀባ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙረህ እንደገና ለካ። ከሥር የቀረ ዘይት ወይም ቆሻሻ የውሸት ንባብ ይሰጣል።

የድሮ 2ኤል ሞተር ያላችሁ ግን ይህን እንዳትከተሉ። የሮከር ክንድ፣ ብሎንና ዳዶ ያለው ሌላ ነው፤ ልኩም በሙቅ ሞተር አየር 0.25፣ ጭስ 0.36 ነው።

ማይክሮሜትር
ሺሞቹን ከመቀየርህ በፊትም በኋላም ኮምፕረሽን ለካ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ንባቡ ባሕር ጠለል ላይ ከሚወጣው ዝቅ ቢል አትደንግጥ፣ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድር። 2ኛውና 3ኛው ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብለው ከነበረና ሺሙ ተቀይሮም ካልተነሱ፣ ቫልቩ ቀድሞ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ቴስታታ ይወርዳል። ስሌቱ ከ2.50 በታች ቢሰጥህም እንደዚያው፤ መቀመጫው አልቋል፣ ከዚያ የቀጠነ ሺም የለም።