12ኛው ፍሬት ላይ ድምፁ የሚዛነፍ ጊታር፦ ብሪጁን ልንቀለው?

ጤና ይስጥልኝ። ከዋንዛ እንጨት በእጄ የሠራሁት ኤሌክትሪክ ጊታር ከስድስት ወር ልፋት በኋላ ባለፈው ቅዳሜ ድምፅ አወጣ፤ ደስታዬ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ክሮቹን ሳልጫናቸው በትክክል ብቃኛቸውም 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ ስጫናቸው የሁሉም ድምፅ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፤ ወፍራሙ ክርማ ጆሮ ይቆረቁራል። ከክሩ መነሻ እስከ 12ኛው ፍሬት 324 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የብሪጁን (ክሮቹ የጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበትን ክፍል) የክር ማረፊያ ልክ እጥፉ 648 ላይ አደረግሁት። ክር ሲጫኑት እንደሚወጠርና ለዚያ ትርፍ ርቀት መተው እንዳለበት የገባኝ እንጨቱን ከበሳሁ በኋላ ነው! ማስተካከያ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳብኳቸው፤ አልበቃም። ቀዳዳዎቹን በእንጨት ውታፍ ደፍኜ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ልብሳ? አዲሱ ቀዳዳ አሮጌውን ስለሚነካ እንዳይሰነጠቅ ፈራሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በምን ሙጫ እንደደፈናችሁና ስንት ሰዓት እንዳደረቃችሁት ንገሩኝ። ደግነቱ ቫርኒሽ ገና አልቀባሁትም።