አስቸኳይ! ክፍሉ ጠፋብኝ፣ 4 ሰዓት ላይ መግባት አለብኝ

አዲስ ገቢ (9:36)
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ማን አለ? ዛሬ የመጀመሪያ ክፍሌ ነው፣ 4 ሰዓት ላይ መግባት አለብኝ። ዩኒቨርሲቲው ጋ ደርሻለሁ፣ ግን ዋናውን በር አጣሁት። የምጠይቀው ጥበቃ እንኳን የለም። ወረቀቱ ላይ የክፍሉ ቁጥር 0221 ይላል። ከፊቱ ሦስት የላቲን ፊደልና 1 ቁጥር አለ። አንድ ሕንፃ ገብቼ ፎቁን ሁሉ ዞርኩት፣ በዜሮ የሚጀምር ክፍል የለም። ካርታው ደግሞ ዛፍ መሃል አቁሞኝ "ደርሰዋል" ይለኛል። ባትሪዬ 11 ፐርሰንት ነው። ቶሎ በሉልኝ!

ናቲ ፍራንክፈርት (9:38)
ወንድሜ አይዞህ። ካርታውን ዘግተህ ክፈተው። 4 ሰዓት ካልክ ደግሞ ገና ብዙ ጊዜ አለህ፣ ምሳህን ብላ።

አዲስ ገቢ (9:39)
እህት ነኝ። 4 ሰዓት በእኛ ነው ያልኩት፣ የጠዋቱ። በእነሱ 10 ሰዓት ማለት ነው። ካርታውን ዘግቼ ከፍቼዋለሁ፣ ያው ነው።

ሜሪ በርሊን (9:40)
የትኛው ከተማ ነሽ እህቴ? ጀርመን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ስንት አለ መሰለሽ። በርሊን ብቻውን ብዙ ነው።

አዲስ ገቢ (9:41)
ሀምቡርግ! ይቅርታ፣ ጽፌዋለሁ ብዬ ነው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ፣ የከተማው። ዋናው በር የት ነው? ግቢው ውስጥ ነኝ ወይስ ውጪ ነኝ፣ እሱን እንኳን አላወቅኩም።

ቴዲ ዘአልቶና (9:42)
ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በር አትፈልጊ፣ በር የለውም። አጥርም የለውም። አንቺ 6 ኪሎን እያሰብሽ ነው የምትፈልጊው። መታወቂያ የሚያይ፣ ቦርሳ የሚፈትሽ ሰው እዚህ የለም። ሕንፃዎቹ ከተማው ውስጥ ተበትነዋል፣ በመካከላቸው መኪና ያልፋል፣ ሰው ይኖራል። "ግቢ" የሚባለውን ነገር እርሺው፣ የሕንፃውን አድራሻ ብቻ ያዢ።

አዲስ ገቢ (9:43)
እሺ ግን ሰው ሁሉ "ካምፓስ" ይላል እኮ። ካምፓስ ካለ መግቢያ አለው።

ቴዲ ዘአልቶና (9:44)
ካምፓስ የሚሉት ፎን ሜለ ፓርክ የሚባለውን አካባቢ ነው። እሱም መናፈሻና መንገድ ነው፣ ከአራቱም አቅጣጫ ትገቢበታለሽ። ካርታውም ያደረሰሽ እዚያ ይመስለኛል። አጠገብሽ ምን ይታይሻል?

የድሮ ተማሪ (9:44)
ልጄ፣ አትደናገጪ። ይህን ቦታ ለማወቅ አመጣጡን ማወቅ ይጠቅማል። ሀምቡርግ ሀብታም የወደብ ከተማ ሆና ሳለ ለረጅም ጊዜ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ቨርነር ፎን ሜለ የሚባሉ የከተማው ሹም ዕድሜ ልካቸውን ለዚህ ታገሉ። በ1913 የከተማው ምክር ቤት ዕቅዳቸውን አልቀበልም አለ። ብዙዎቹ ነጋዴዎች ከተማዋ ለንግድ እንጂ ለፕሮፌሰር አልተፈጠረችም የሚሉ ነበሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቶች ከግንባር ሲመለሱ፣ ምሁራኑ በ1919 መጀመሪያ ላይ በራሳቸው ተነሳሽነት ኮርስ ከፈቱላቸው። ከዚያ በመጋቢት 1919 አዲስ የተመረጠው ምክር ቤት ዩኒቨርሲቲው እንዲቋቋም ወሰነ። መናፈሻው በሰውየው ስም የተጠራው ለዚህ ነው። ሕንፃዎቹ የተበታተኑትም

ሜሪ በርሊን (9:45)
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅቷ ባትሪዋ ሊያልቅ ነው። 😅

ናቲ ፍራንክፈርት (9:45)
ስልክሽን አጥፍተሽ አብሪው። ካርታው ይስተካከላል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ሜሪ በርሊን (9:46)
ናቲ እባክህ! በ11 ፐርሰንት ስልክ ያጠፋ ሰው መልሶ አያበራውም። ስክሪኑን አደብዝዢው እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ዝጊ።

አዲስ ገቢ (9:46)
አጠገቤ ትልቅ አዳራሽ አለ፣ ጣሪያው ጎበጥ ያለ። አውዲማክስ ይላል። ከወዲያ ደግሞ ረጅም ፎቅ አለ። እሱ ይሆን? ፎቁ ውስጥ ነበር የገባሁት።

ሰብለ በሀምቡርግ (9:47)
ቆይ ቆይ፣ ማንም ያልጠየቀሽን ልጠይቅሽ። ከፊት ያሉት ሦስት ፊደሎች ምንድን ናቸው? ኢ፣ ኤስ፣ ኤ ነው የሚሉት?

አዲስ ገቢ (9:47)
አዎ አዎ! ኢ ኤስ ኤ 1፣ ከዚያ 0221።

ሰብለ በሀምቡርግ (9:49)
ገባኝ። ሁለት ነገር ተሳስተሻል፣ ሁለቱም ቀላል ናቸው። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ተሳስቻለሁ።

አንደኛ፣ አሁን ያለሽበት ቦታ አይደለም። ሦስቱ ፊደሎች ኤድሙንድ ዚመርስ አሌ የሚባለው መንገድ ምህጻረ ቃል ናቸው። 1 የቤት ቁጥሩ ነው። እሱ ከዳምቶር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ጉልላት ያለው ነጭ ሕንፃ ነው። አንቺ የቆምሽበት አካባቢ ደግሞ ወረቀት ላይ ቪ ኤም ፒ ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ፎን ሜለ ፓርክ ለማለት።

ሁለተኛ፣ ያ ዜሮ አይደለም! ፊደል ነው። "ኦ" ነው፣ ኦስት ማለት፣ ምሥራቅ። ክፍልሽ ምሥራቅ ክንፍ ቁጥር 221 ነው። ዋናው ሕንፃ ግራና ቀኝ ሁለት አዳዲስ ክንፎች አሉት። የምዕራቡ በደብልዩ ይጻፋል፣ የምሥራቁ በኦ። እዚያም 221 አለ፣ እዚህም 221 አለ፣ እንዳታምታቺው።

አሁን ወደ ዳምቶር ጣቢያ አቅጣጫ ሂጂ። ሰው ጠይቂ፣ "ዳምቶር" ካልሽ ሁሉም ያሳይሻል። አስር ደቂቃ አይሞላም። ፊትሽን ወደ ጉልላቱ አዙረሽ ስትቆሚ የምሥራቁ ክንፍ በቀኝሽ ነው። የራሱ በር አለው፣ በጉልላቱ በር አትግቢ። ቁጥሩ በ2 ስለሚጀምር ሁለተኛ ፎቅ ውጪ።

አዲስ ገቢ (9:50)
እግዚአብሔር ይስጥሽ!! እየሮጥኩ ነው። ግን አረፈድኩ በቃ። የመጀመሪያ ቀን አርፍዶ መግባት ያሳፍራል። 8 ፐርሰንት

ቴዲ ዘአልቶና (9:51)
ካረፈድሽ አትግቢ። ለመጀመሪያ ክፍል ይሄን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው? እዚህ ስም የሚጠራ አስተማሪ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት በሰላም ትሄጃለሽ።

ሰብለ በሀምቡርግ (9:52)
ቴዲ እንደዛ አትበላት። ትልቅ ሌክቸር ከሆነ ልክ ነህ፣ ሴሚናር ከሆነ ግን ይለያል። የሥራ ክፍፍሉ፣ ማን ምን ያቀርባል የሚለው፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያልቀው።

እህቴ፣ ከሰዓቱ ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ ፊደሎች አሉ? ሲ እና ቲ የሚሉ?

አዲስ ገቢ (9:54)
አሉ። ምንድን ነው? 10 ሲ ቲ ይላል።

ሰብለ በሀምቡርግ (9:54)
እንግዲያው አትሩጪ! 10 ከ15 ነው የሚጀመረው። አላረፈድሽም።

ሜሪ በርሊን (9:55)
ልክ ነሽ፣ እኛም ጋ እንደዛ ነው። ላቲን ነው፣ ቁም ቴምፖሬ፣ "ከጊዜ ጋር" ማለት ነው። ሰዓቱ ላይ ሩብ ሰዓት ይጨመራል። የድሮ ልማድ ነው፣ እስካሁን አልተወውም።

ናቲ ፍራንክፈርት (9:56)
ጀርመን ሰዓት ያከብራል ሲሉን 15 ደቂቃውን ሳይነግሩን! ይሄማ የእኛ ቀጠሮ ነው። 😂

አዲስ ገቢ (9:59)
ጉልላቱ ታየኝ!! በቀኝ በኩል ያለው መስታወት የበዛበት ነው? 4 ፐርሰን

ሰብለ በሀምቡርግ (9:59)
አዎ፣ እሱ ነው። ግቢ። ሁለተኛ ፎቅ።

የድሮ ተማሪ (10:08)
ልጅቷ መንገዷን ካገኘች እኔ ያቋረጥኩትን ልቀጥል። የበዛ መስሏችሁ ከሆነ ይቅርታ፣ ግን እዚያ ሕንፃ ውስጥ ዓመታት አሳልፌያለሁ። አዲስ የሚመጡ ልጆች የት እንደገቡ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ጉልላቱ ያለበትን ሕንፃ ኤድሙንድ ዚመርስ የሚባል ነጋዴ ነው ለከተማው የሰጠው። በ1911 ሲመረቅ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ለሕዝብ የሚሰጥ ሌክቸር ማካሄጃ ነበር። ሁለቱን ክንፎችም ሄልሙትና ሃነሎሬ ግሬቨ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው ያሠሩት። 6 ኪሎም ከቤተ መንግሥትነት ወደ ዩኒቨርሲቲነት የመጣው በስጦታ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ቴዲ ዘአልቶና (10:12)
ጋሼ፣ ያልነገሩን ነገር አለ። ያ ሕንፃ የቅኝ ግዛት ኢንስቲትዩት ቤት ነበር። ወደ አፍሪካ የሚላኩ ሹማምንትና ነጋዴዎች ይሠለጥኑበት ነበር። ስጦታ ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም።

የድሮ ተማሪ (10:19)
ልክ ብለሃል፣ መነገር አለበት። ኢንስቲትዩቱ በ1908 ነው የተቋቋመው። የአፍሪካ ቋንቋዎች ትምህርት እዚያ የተጀመረውም ለዚያ ሥራ ነው። ካርል ማይንሆፍ የአፍሪካ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ሆኖ የተሾመው በ1909 ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ከሌሎችም ተቋማት ነው የተወለደው፣ ከእሱ ብቻ አይደለም።

ሌላም ልጨምርልህ። ሄርማን ፎን ቪስማን የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ገዢ ነበር። ሐውልቱ ዳሬ ሰላም ነበር የቆመው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሀምቡርግ አምጥተው በ1922 ከዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ ጎን አቆሙት። ተማሪዎቹ በ1967 ገመድ አስረው ጣሉት። ተመልሶ ቆመ። በ1968 እንደገና ጣሉት፣ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ልጅቷ የቆመችበት አውዲማክስም ታሪክ አለው። በኅዳር 1967 ፕሮፌሰሮቹ ካባቸውን ለብሰው ሲገቡ ሁለት ተማሪዎች ከፊታቸው ጥቁር ጨርቅ ዘረጉ። "ከካባው ሥር የ1000 ዓመት ሻጋታ" ይላል። 1000 ዓመት ያሉት ናዚዎች መንግሥታችን የሚቆየው ይህን ያህል ነው ይሉ ስለነበር ነው። የትናንቱን ጉዳይ ሳትነግሩን ካባ ትለብሳላችሁ ማለታቸው ነው። መላው ጀርመን ያወቀው መፈክር ሆነ።

ሜሪ በርሊን (10:24)
ይሄንን መፈክር ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ሀምቡርግ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

የድሮ ተማሪ (10:31)
የሚነግሩት የነበረው ነገር ብዙ ነበር። ፈላስፋው ኤርንስት ካሲረር በ1929 እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆኖ ነበር፣ አይሁዳዊ ነው። በ1933 አገር ለቆ ሄደ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ኤርቪን ፓኖፍስኪ ተባረረ። አጋቴ ላሽ በ1923 የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ነበረች። በ1942 ወደ ሪጋ ተወስዳ ተገደለች። ዛሬ በጉልላቱ ሕንፃ ውስጥ ያሉ አዳራሾች በእነዚህ ሰዎች ስም ይጠራሉ። አውዲማክስ መግቢያ ላይ ደግሞ ናዚን በመቃወማቸው የሞቱ አራት ተማሪዎች መታሰቢያ ወለሉ ላይ አለ። ሰው ሳያየው ረግጦት ያልፋል። እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ቆም እል ነበር።

ሰብለ በሀምቡርግ (11:02)
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እኔም መታሰቢያውን ሳላይ አልፌዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ።

ልጅቷ ካነበበችው አንድ ነገር ልጨምርላት። ያ ምሥራቅ ክንፍ የእስያና አፍሪካ ኢንስቲትዩት ነው። የግዕዝና የኢትዮጵያ ጥናት የሚሰጠው በእሱ ሥር ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የሚባለው ባለ 5 ቅጽ ሥራ ከ2003 እስከ 2014 የታተመው እዚሁ ሀምቡርግ ተዘጋጅቶ ነው። ማዕከሉም በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ነው የሚጠራው።

ናቲ ፍራንክፈርት (11:10)
ሉዶልፍ ማነው? ሀበሻ ነው?

የድሮ ተማሪ (11:21)
ጀርመናዊ ነው፣ የኤርፉርት ሰው። ግን አስተማሪው የእኛ ሰው ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ ከአማራ። ሮም ተገናኙ፣ ከዚያ በ1652 ጎታ ወደሚባለው ከተማ መስፍኑ ቤተ መንግሥት መጡ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የእሳቸው ትምህርት ፍሬ ነው። እሳቸው ግን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ መርከቧ ተሰባብራ ሞቱ። ማዕከሉ ጋ የሄደ ልጅ ሁሉ የእሳቸውንም ስም ቢያነሳ ደስ ይለኛል።

ሜሪ በርሊን (14:40)
ልጅቷስ? ገባች?

ሰብለ በሀምቡርግ (15:05)
ምንም አልጻፈችም። ቻርጀር ከሌላት ቤተ መጻሕፍቱ ጋ መሰካት ትችላለች፣ ከአውዲማክስ ብዙ አይርቅም።

ቤቲ አዲስ (ማግስቱን፣ 20:17)
ሰላም። እኔም አዲስ ነኝ፣ ይሄን ጥያቄ ሳገኝ ተገላገልኩ። ነገ ክፍል አለኝ፣ ቪ ኤም ፒ ይላል፣ ስለዚህ አውዲማክስ አካባቢ ነው ማለት ነው አይደል? ሰዓቱ ግን 9 ኤስ ቲ ነው የሚለው። ያው 15 ደቂቃ ይጨመርበታል?

ሰብለ በሀምቡርግ (20:19)
አይጨመርም!! ኤስ ቲ "ያለ ጊዜ" ማለት ነው። ልክ 9 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ቦታው ልክ ነው፣ ከፊደሎቹ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሕንፃው ነው፣ እሱን ጻፊልኝ።