ኤጀንቱ «ውል ማደሻ 120 ፓውንድ ክፈዪ» አለኝ፤ ግዴታ አለብኝ? (ለንደን)

የኪልበርኗ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ምዕራብ ለንደን ባለ አንድ መኝታ ቤት በወር 1,560 ፓውንድ ተከራይቻለሁ። የገባሁት ማርች 1, 2023 ነው፤ ኪራዩ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የአሁኑ ፌብሩዋሪ 28, 2026 ያልቃል። ዛሬ ኤጀንቱ በኢሜይል ሁለት ሂሳብ ላከልኝ፦ ውል ማደሻ 120 ፓውንድ፣ «ማጣሪያ» 60 ፓውንድ። ማጣሪያው ቪዛዬ የጊዜ ገደብ ስላለው እንደገና መታየት አለበት ተብሎ ነው። እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ ቤቱን ለሌላ ሰው ማሳየት ይጀምራሉ። በ2024 እና በ2025ም 120፣ 120 ከፍያለሁ። ስገባ ያስያዝኩት ዲፖዚት 2,160 ነው። ልክ ናቸው? አልከፍልም ብል ሊያስወጡኝ ይችላሉ? ያለፈውስ ይመለሳል? አከራዩን አይቼው አላውቅም፣ ውሉ ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው።

ሒሳብ_ሹም
እህቴ፣ ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። እንግሊዝ ውስጥ ቴናንት ፊስ አክት የሚባለው ሕግ ከጁን 1, 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሕጉ የተከለከለውን እየቆጠረ አይሄድም፤ የተፈቀደውን ብቻ ይዘረዝርና የቀረውን ሁሉ በጅምላ ይከለክላል። የተፈቀደው፦ ኪራይ፣ ዲፖዚት፣ ከአንድ ሳምንት ኪራይ ያልበለጠ ቤት ማስያዣ፣ ካውንስል ታክስና እንደ መብራት፣ ጋዝ፣ ኢንተርኔት ያለ ወጪ፣ ቁልፍ ከጠፋ ማስተኪያው፣ ኪራይ ከ14 ቀን በላይ ከዘገየ ወለድ፣ ተከራዩ ራሱ ጠይቆ ውሉ ሲሻሻል ወይም ከጊዜው በፊት ልውጣ ሲል የሚከፈል። በቃ። ውል ማደሻ የለበትም። «አድሚን» ቢሉት፣ «የሰነድ ዝግጅት» ቢሉት ለውጥ የለውም።

ዲፖዚትሽም ችግር አለበት። የዓመት ኪራይ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት ጣሪያው የአምስት ሳምንት ኪራይ ነው። 1,560 በ12 ሲባዛ 18,720፤ ለ52 ሲካፈል 360። አምስት ሳምንት 1,800 ይሆናል። አንቺ 2,160 አስይዘሻል፣ ማለትም የስድስት ሳምንት። ወርሃዊውን ለ4 አካፍለሽ እንዳታሰዪ፤ እንደዚያ ሲሰላ ሳምንቱ 390 ይወጣና ትርፉ አንሶ ይታያል። ሕጋዊው ስሌት ሁሌም በ12 አባዝቶ ለ52 ማካፈል ነው።

ስለዚህ ካሁኑ 180 ነጻ ነሽ፤ የሚመለስልሽም 120 + 120 + 360፣ ድምር 600 ፓውንድ ነው።

ብሪክስተን_ገበያ
ስለ 60 ፓውንዱ ልጨምር። የቪዛ ማጣሪያ የአከራዩ ግዴታ ነው፤ ሳያጣራ ቢያከራይ የሚቀጣው እሱ ነው፣ ስለዚህ ወጪውም የሱ ነው። አንቺ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ባለው የኢቪዛ አካውንትሽ ገብተሽ፣ ቤት የመከራየት መብት የሚለውን መርጠሽ ሼር ኮድ ታወጫለሽ። ለቤት የሚሆነው ኮድ በ«አር» ፊደል ይጀምራል። በ«ደብልዩ» የሚጀምረው ለሥራ ነው፤ እሱን ልከሽ ከሆነ ሲስተሙ አይቀበልላቸውም፣ ያኔ «አላለፍሽም» የሚል ኢሜይል ሊመጣ ይችላል። ኮዱን ከትውልድ ቀንሽ ጋር ላኪላቸው፤ 90 ቀን ያገለግላል፣ ላንቺም ለነሱም በነጻ ነው።

ተራ_ነጋሪ
ሕጉ እንደተባለው ነው፤ አንድ ነገር ግን እዚህ ሁሌ ይዘለላል። ኤጀንቱ ውል ሲያድስ ሥራ ይሠራል፦ የጋዝ ሰርተፊኬት ጊዜውን ያያል፣ ቪዛ ያጣራል፣ ከአከራዩ ጋር በኪራይ ይደራደራል። ክፍያው ሲከለከል ወጪው አልጠፋም፤ አከራዩ ላይ ዞረ፣ አከራዩም ኪራይ ላይ ይጨምረዋል። 120 ፓውንድ አንዴ ከምከፍል በወር 10 ፓውንድ ተጨምሮብኝ ብከፍል ይሻለኛል የሚል ካለ ልዩነቱን ያስረዳኝ።

ቀበና_ማዶ
ልዩነቱ ግልጽ ነው ወንድሜ። 10 ፓውንዱ ኪራይ ላይ ተጽፎ ቤት ስትፈልግ ታየዋለህ፤ ከሌላ ቤት ጋር ታወዳድረዋለህ፤ ካልተስማማህ ትተወዋለህ። 120ው የሚመጣው ግን ዕቃህን ዘርግተህ፣ ልጅህን ትምህርት ቤት አስገብተህ ከተቀመጥክ በኋላ ነው። ያኔ ኤጀንት አትመርጥም፣ ዋጋም አትከራከርም። ኤጀንቱን የመረጠው አከራዩ ነው፤ ውድ ከሆነበት የሚቀይረውም እሱ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ መቀየር ወደሚችለው ሰው መሄዱ ትክክል ነው።

ደግሞ አከራዩ ድሮም ይከፍላል። ብዙ ኤጀንሲዎች ተከራዩ በቆየ ቁጥር ከአከራዩ የእድሳት ኮሚሽን ይቆርጣሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፤ በጁላይ 2009 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፎክስተንስ የተባለው የቤት ኤጀንሲ አከራዮችን ያስፈርምበት የነበረው የእድሳት ኮሚሽን አንቀጽ፣ ጎልቶ ሳይነገር ውል ውስጥ በመደበቁ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ወስኗል። ተከራዩንም ሲያስከፍሉ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይቀበሉ ነበር ማለት ነው። እኛ ሀበሾች ቶሎ የምንከፍለው አዲስ አበባ ደላላ ከሁለቱም ወገን መቀበሉን ስለለመድን ይመስለኛል። እዚህ ኤጀንት የአከራዩ ወኪል ነው፣ ያንተ አይደለም።

የኪልበርኗ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። ግን ክፍያውን እምቢ ብል እና ውሉን ባያድሱልኝ ማርች 1 ምን እሆናለሁ? የምፈራው እሱን ነው።

ዳኝነት_ይታየኝ
ምንም አትሆኚም። የተወሰነው ጊዜ ሲያልቅ አንቺ ቤቱ ውስጥ ካለሽ፣ በ1988ቱ የሃውሲንግ አክት መሠረት ውሉ ራሱ ከወር ወደ ወር ይቀጥላል። ኪራዩም ሆነ የውሉ ቃል ያው ነው፣ ፊርማ አያስፈልግም። ኤጀንቶች «ውልሽ አለቀ» ሲሉ ሰው የሚሸበረው ይህን ስለማያውቅ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከአሁን እስከ ኤፕሪል 30 ያለው ጊዜ ነው። ከሜይ 1, 2026 ጀምሮ አዲሱ የተከራዮች መብት ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ሴክሽን 21፣ ያለ ምክንያት ማስወጫው ማስጠንቀቂያ፣ ይቀራል። እስከዚያ ግን አከራዩ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ይችላል። አንድ መከላከያ አለሽ፦ ያለ አግባብ የተቀበሉትን ክፍያ ወይም የዲፖዚት ትርፍ እስካልመለሱ ድረስ ሴክሽን 21 መስጠት አይችሉም፤ ቢሰጡም አይጸናም።

ሒሳብ_ሹም
ስለዚህ ዛሬውኑ 600ውን ትጠይቅ። እነሱ እጅ እስካለ ድረስ መከላከያዋ ነው።

ዳኝነት_ይታየኝ
እዚህ ላይ አልስማማም። ዛሬ ብትጠይቅ፣ ትንሽ የሚያውቅ ኤጀንት ከሆነ 600ውን በማግስቱ መልሶ በሦስተኛው ቀን ሴክሽን 21 ይልካል። ገንዘቡ ከተመለሰ እገዳው ይነሳል። ሳትጠይቂ ስትቀሪ ነው እገዳው ባለበት የሚቆየው። ገንዘቡ ደግሞ የትም አይሄድም፤ እስከ ሜይ ብትቆዪ መብትሽ አይጠፋም። የኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አሁን የሁለቱን ሂሳብ ብቻ እምቢ በዪ፣ በጽሑፍ። እድሳቱን በነጻ ከሰጡሽ፣ ኪራይ አለመጨመሩን አንብበሽ ፈርሚ። ካልሰጡሽ ውሉ በራሱ ይቀጥል። ያለፈውን 600 ሜይ ከገባ በኋላ ጠይቂ፤ ያኔ ሊያስወጡሽ ቢፈልጉ በሕጉ የተዘረዘረ ምክንያት ማቅረብ አለባቸው።

ሒሳብ_ሹም
ይህንንስ ተቀብያለሁ። ገንዘቡ ለአስቸኳይ ካላስፈለጋት መጠበቁ ይሻላል።

ዳኝነት_ይታየኝ
አንድ ነገር ረስቼ፦ የ12 ወር ውል ብትፈርሚም ሜይ 1 ሲገባ የጊዜ ገደቡ ይወድቃል፣ ሁሉም ውል ከወር ወደ ወር ይሆናል። ልትወጪ ስትፈልጊ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። ኪራይ የሚጨመረውም በዓመት አንዴ፣ ሴክሽን 13 በሚባለው የኪራይ ጭማሪ ማስታወቂያ ፎርም፣ ከሁለት ወር በፊት ተነግሮሽ ብቻ ነው። የሚታደስ ውል ስለማይኖር «ማደሻ» የሚባል ሂሳብም መነሻ ያጣል።

እማማ_ሃክኒ
ልጄ፣ በስልክ እንዳትነጋገሪ። ስልክ ላይ ያሉትን ነገ ይክዱታል። ቢደውሉ «እባካችሁ በኢሜይል ላኩልኝ» ብለሽ ዝጊ።

ለአሁኑ ኢሜይል አራት መስመር ይበቃል፦ የቤቱ አድራሻና የውሉ ማለቂያ ቀን፤ 120ውና 60ው በቴናንት ፊስ አክት 2019 የተከለከሉ ክፍያዎች መሆናቸው፤ ሼር ኮዱ ከትውልድ ቀንሽ ጋር፤ ያለ ክፍያ ለማደስ ፈቃደኛ መሆንሽና ካልሆነም በወርሃዊ ውል ቤቱ ውስጥ እንደምትቆዪ። ሰላምታና ስም። ስድብና ዛቻ አይግባበት፤ ያ ኢሜይል ኋላ ሌላ ሰው ፊት ይነበባል።

የአከራዩን አድራሻም ለብቻው በሌላ ደብዳቤ ጠይቂ። ኪራይ የሚቀበል ኤጀንት በጽሑፍ ከተጠየቀ በ21 ቀን ውስጥ የአከራዩን ስምና አድራሻ መስጠት አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ካልሰጠ ወንጀል ነው። አንዳንዴ አከራዩ ኤጀንቱ ተከራይ እንደሚያስከፍል ጭራሽ አያውቅም፤ አንድ ደብዳቤ ሲደርሰው ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ብሪክስተን_ገበያ
600ውን የምትጠይቂ ጊዜ ደግሞ፦ የ2024ና የ2025 ክፍያ የታየበትን የባንክ ስቴትመንት፣ የላኩልሽን ሂሳብ፣ የዲፖዚቱን ሰርተፊኬት አያይዢ፤ 14 ቀን ስጪያቸው። በጥሬ ገንዘብ ከፍለሽ ደረሰኝ ካልያዝሽ ነገሩ ይከብዳል፤ ቢያንስ ክፍያውን የጠየቁበትን ኢሜይል ፈልጊ።

እምቢ ካሉ መንገዱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው የካውንስሉ ትሬዲንግ ስታንዳርድስ (የንግድ ሥራ ተቆጣጣሪው ክፍል) ነው፤ በሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር 0808 223 1133 ደውለሽ ታስመዘግቢያለሽ። ካውንስሉ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5,000 ፓውንድ መቅጣት ይችላል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከደገሙት እስከ 30,000 ይደርሳል ወይም በወንጀል ይከሰሳሉ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ኤጀንት አባል መሆን ያለበት የቅሬታ ሰሚ አካል አለ፤ ፕሮፐርቲ ኦምቡድስማን ወይም ፕሮፐርቲ ሪድሬስ። የትኛው እንደሆነ ድረ ገጻቸው ላይ መለጠፍ ግዴታቸው ነው። እዚያ ለመሄድ መጀመሪያ ለኤጀንሲው ቅሬታ አስገብተሽ እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ አለብሽ። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ በኢሜይል ተጨቃጭቆ «ይህ መደበኛ ቅሬታ ነው» የሚል ቃል ሳይጽፍ ይቀራል፣ ስምንቱ ሳምንትም መቆጠር አይጀምርም። ሦስተኛው ፈርስት-ቲየር ትራይቡናል የሚባለው፣ የቤት ክርክር የሚያይ ችሎት ነው፤ ገንዘቡን መልሱ ብሎ ያዛል፣ ጠበቃ አያስፈልግም።

ግላስጎው
ለሚያነቡ ሌሎች፦ ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ክፍያው ክልክል መሆኑ በ2012 ተብራርቷል፤ ከዲሴምበር 2017 ወዲህ የተፈረመ የግል ኪራይ ውል ደግሞ ማለቂያ ቀን ስለሌለው የሚታደስ ነገር የለም። ዌልስ ከሴፕቴምበር 1, 2019 ጀምሮ የራሷ ክልከላ አላት።

የኪልበርኗ (ጠያቂ)
ኢሜይሉን እማማ እንዳሉት ልኬ ነበር። አሁን የመለሱት፦ «ማደሻው ቀርቷል፤ የውል ማሻሻያ 50 ፓውንድ ግን ሕጉ ይፈቅድልናል» ነው። እውነት ነው? ባለቤቴን ውሉ ላይ ማስገባትም አስቤ ነበር።

ሒሳብ_ሹም
50ው እውነት አለው፤ ግን አንቺ ማሻሻያ ስትጠይቂ ብቻ ነው። እነሱ ያመጡት እድሳት ማሻሻያ አይደለም። «ማሻሻያ አልጠየቅኩም» ብለሽ በአንድ መስመር መልሺላቸው። የባለቤትሽን ስም ግን አሁን እዚያው ኢሜይል ላይ እንዳታነሺ፤ ካነሳሽ 50ውን ለመጠየቅ በር ትከፍቺላቸዋለሽ። እድሳቱ ካለቀ በኋላ ለብቻው ጠይቂ፤ ያኔ 50 ፓውንድ ቢሉሽ ሕጋዊ ነው፣ ከዚያ ካለፈ የወጪውን ማስረጃ አሳዩኝ በዪ።